በሙሉ ድምፅ

ሊቀመንበር ልጆቻቸው በእሳቸው ጉዳይ ድምፅ ሲሰጡ የሰሙት ወጥ ቤት ቆመው ቲማቲም ሲከትፉ ነው። ደረጃ ላይ ወድቀው የግራ እጃቸው አንጓ በፋሻ ከተጠቀለለ ወዲህ አንድ ቢላዋ ለሁለት ሰው ሆኗል፤ ምራታቸው ቲማቲሙን ትይዛለች፣ እሳቸው ይቆርጣሉ። የቲማቲም ዋጋ ካለፈው ሳምንት በእጥፍ ጨምሯል። ምራታቸው፣ "በዚህ አያያዙ ለዓመቱ በፎቶ ነው የምናየው" ብላ እያሳቀቻቸው ሳለ ከሳሎን የበኩር ልጃቸው ወፍራም ድምፅ መጣ።

"እንግዲህ ነገር አናብዛ። እማዬ ደግማ ወድቃ ጉድ ከምንሆን እኛ ቤት ትግባ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።"

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሊቀመንበር ቢላዋውን እንደያዙ ወደ ክፍተቱ ዘወር አሉ። መጀመሪያ የወጣው የጠያቂው የራሱ እጅ ነው፤ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ምሰሶ። ሰውየው ሕንፃ ተቋራጭ ነው፣ እጁም ሥራውን ይመስላል። ቀጥሎ ሁለተኛዋ ልጃቸው፣ ፋርማሲስቷ፣ የወንድሟን እጅ አየችና ጆሮዋን ልታክ የፈለገች ይመስል የራሷን እስከ ጆሮዋ ድረስ አነሳች፤ እዚያው ቀረ። የመጨረሻው፣ ጢሙን አንዠርግጎ የከተማ አውቶቡስ እየነዳ እስካሁን ማሙሽ የሚባለው፣ ወንድሙን አየ፣ እህቱን አየ፣ መስኮቱን አየ፤ ከዚያ የእሱም እጅ ወጣ።

"ሙሉ ድምፅ!" አለ የበኩር ልጅ። "አለቀ።"

ሊቀመንበር ወደ ምራታቸው ዞሩ። "አንቺን ጠይቆሻል?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እኔን?" አለች ምራታቸው። "የሚመጡት እኔ ቤት፣ የማበስለው እኔ፣ ምን ብሎ ይጠይቀኛል?" እንደ መሳቅ ቃጣትና ተወችው። ውሳኔው የሚነካቸው ሁለት ሰዎች ሁለቱም ወጥ ቤት ቆመው ነበር።

ቁርሱ ሲቀርብ የበኩር ልጅ ለእናቱ ነገራቸው፤ ለደንበኛ ጥሩ ዜና እንደሚያበስር ሰው ፈገግ ብሎ ነው የነገራቸው። ቤተሰቡ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ለእሳቸው የሚሆን ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ተቀብቷል። ለዚህኛው ቤት ተከራይ ተገኝቷል፣ ነገ ጠዋት መጥቶ ያየዋል። እሱም ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፒክአፕ ይዞ ይመጣና ቁምሳጥኑን ይወስዳል፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ፋርማሲስቷ ዳቦዋን እየቆራረሰች ሳትበላ ትደረድረዋለች። ማሙሽ ሻዩን ያማስላል፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ሊቀመንበር ይቆጣሉ ብለው ሁሉም ጠብቀው ነበር፤ እሳቸው ግን በደህናው እጃቸው ሻይ እየዞሩ ቀዱ፣ ለበኩሩ ደግሞ ጨመሩለት። ዝምታው ከቁጣው ይልቅ ከበዳቸው መሰለኝ፣ ሁሉም ሥራ እንደረፈደበት አስታውሶ ተነሳ። ምራታቸው ኮቷን ደርባ ከመውጣቷ በፊት የቀረውን ቲማቲም በሳህን ሸፈነችላቸው።

ሊቀመንበር የወጣላቸው ስም ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበሩን የመሩ እሳቸው ነበሩ፤ ሰፈሩም ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ጠርቷቸው አያውቅም። ይህን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ቤት የገዙት ኮሌታና እጅጌ እየሰፉ ነው፤ ልጆቹን ያሳደጉትም እዚሁ ነው። ነገር ግን ያን ቀን ጠዋት ብቻቸውን ሲቀሩ ያንገበገባቸው የቤቱ ነገር ብቻ አልነበረም። ያንገበገባቸው "ሙሉ ድምፅ" የምትለዋ ቃል ናት። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ጊዜ አንድን የፈረቃ ኃላፊ አዳራሽ ሙሉ ሰው እጁን አውጥቶ መርጦት ነበር፤ በማግስቱ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ በር ላይ፣ ያልረገመው ሰው አልነበረም። "ታዲያ ለምን አወጣህ?" ሲሉት ሁሉም፣ "ሰው ሁሉ ሲያወጣ ጊዜ ነዋ!" ነበር መልሱ። ሰው ሁሉ የተባለው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሊቀመንበር በመጋረጃ የተከለለ ሣጥን ያስገቡት። በሕይወታቸው ከሠሩት ሁሉ በዚያች መጋረጃ ይኮራሉ፤ አሁን ደግሞ በገዛ ሳሎናቸው፣ የወለዷቸው ልጆች፣ ያንኑ ያዳራሽ ጉድ ደገሙት። ሻርፓቸውን አጣፉ፣ ቦርሳቸውን በትከሻቸው አንግተው በሩን ቆለፉ።

ፋርማሲው ገበያ መሐል ነው፤ ጠባብ፣ ነጭ፣ የመድኃኒት ሽታው ከበሩ የሚቀበል። ሊቀመንበር ወረፋ ይዘው ቆሙ። ከፊታቸው አንድ ሰውዬ የሳል ሽሮፕ ዋጋ ሲሰማ፣ "ሳሉን ራሱን በዚህ ዋጋ እሸጥልሻለሁ" ብሎ ፋርማሲስቷን ይከራከራል። ልጃቸው ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አሥራ፣ ሳትስቅ ርካሹን ዓይነት ፈልጋ ሰጠችው፤ አወሳሰዱንም ሁለቴ ነገረችው። ሊቀመንበር ከወረፋው ሆነው ይህን ሲያዩ የመጡበት ጉዳይ ለአፍታ ጠፋባቸው። ተራቸው ሲደርስ ልጅቷ ደንግጣ፣ "እማዬ! እጅሽ አመመሽ?" አለች።

"እጄን አላመመኝም። ጠዋት እኔን ከቤቴ ልትነቅሉኝ እጅሽን ስታወጪ ከልብሽ ነው?"

ልጅቷ ባንኮኒውን ለረዳቷ ትታ እናቷን ወደ ጓዳ ሳበቻቸው። ጓዳው በካርቶን የተሞላ ነው፤ አንዱ ካርቶን ላይ አስቀመጠቻቸው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "ኧረ በሞቴ እማዬ፣ መነቀል አትበዪው። እኔ አንቺን እዚያ ቤት ማሰብ እንኳ አልችልም። ግን ጋሼ እጁን አውጥቶ ጨረሰ፤ ማሙሽም እንደሚያወጣ እርግጠኛ ነበርኩ። እኔ ብቻዬን ባላወጣ፣ እናቷ ብትወድቅ ግድ የሌላት ልባል ነው።" ሊቀመንበር ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙ። ሲወጡ እርምጃቸው ቀለለ። አንዷ ተገኘች፤ ሌላውም እንደዚያው ነው። ሁሉም የማይፈልገውን ሁሉም ወስኗል፤ መጋረጃ ብቻ ነው የጎደለው። እንዲህ እያሉ ወደ አውቶቡስ መነሻው አቀኑ።

ማሙሽ ዕረፍት ላይ ነበር፤ የአውቶቡሱ መወጣጫ ላይ ተቀምጦ ዳቦ በእንቁላል ይበላል። ሹፌሮቹ እናቱን ሲያዩ ተነስተው ሰላም አሉ፤ አንዱ፣ "ሊቀመንበር፣ ልጅዎ ትናንት ተሳፋሪ ሊሰድበው ሲል አመሰገነው፤ ሰውየው ግራ ገብቶት ወረደ" አላቸው። ሊቀመንበር አጠገቡ ተቀመጡና ያንኑ ጥያቄ አቀረቡለት፣ ያንኑ "ከቤቴ ልትነቅሉኝ" የምትለውን። እሱም ከእህቱ የተለየ አልመለሰም፤ ሁለቱ ታላላቆቹ ካወጡ በኋላ እጁ በራሱ ጊዜ እንደ ወጣ፣ እሱ ቢሆን ኖሮ ግን አንድ ወንበር እንኳ ከቤታቸው ባልተነሳ ነበር አለ። ሁለተኛውም ተገኘ። ሊቀመንበር ተነስተው መሄድ ሲችሉ፣ የድል ነገር ሆነና፣ ጨዋታ አማራቸው።

"እንደው ግን፣ ብቻዬን ያ ደረጃ ላይ ብወድቅና የሚሰማኝ ባጣስ?"

ማሙሽ ዳቦውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። "እሱን እያሰብኩ አይደል እንቅልፍ ያጣሁት! ስልክሽ ሁለቴ ጠርቶ ካልተነሳ መሪውን ይዤ ላቤ ነው የሚወርደው።"

"እንግዲያው ጋሼህ ቤት ልግባ?"

"ግቢ እንጂ! ምን ታስቢያለሽ?"

ከአንድ አፍ፣ ዳቦው እንኳ ሳያልቅ፣ ሁለት መልስ ወጣ። ልጁ እየዋሸ አልነበረም፤ ሁለቱንም ከልቡ ነው ያለው። ሊቀመንበር ፊታቸው ሞቀ። የበኩር ልጃቸው "ደግማ ወድቃ ጉድ ከምንሆን" ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ከጥያቄው ጋር አያይዞ እንዳቀረበው ጠዋት ገብቷቸው ነበር። እሳቸውስ? "ከቤቴ ልትነቅሉኝ" ብሎ ለሚጠይቅ እናት አዎ የሚል ልጅ ከየት ይመጣል? ፋርማሲው ውስጥ ያገኙት ድምፅ የልጃቸው ድምፅ ነው ወይስ የራሳቸው ድምፅ ዞሮ የተመለሰላቸው? ከበኩራቸው የሚለዩት እጅ ባለማስወጣታቸው ብቻ መሆኑ ከነከናቸው። የዕረፍቱ ሰዓት አለቀና ማሙሽ ሞተሩን አስነሳ። እናቱም ከኋላው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ መንገድ ሁሉ የልጁን ማጅራትና መሪው ላይ ያረፉ እጆቹን እያዩ ተጓዙ። አጠገባቸው ለተቀመጠች ሴት፣ "ሹፌሩ ልጄ ነው" አሏት። ሴትየዋ ተመለከተችው። "አነዳዱ ደህና ነው፤ ፍሬን ላይ ግን ትንሽ ይቸኩላል" አለች። "እሱስ እውነት ነው" አሉ ሊቀመንበር። በፊት ቢሆን ልጄን ነካሽ ብለው ሴትየዋን አያስቀምጧትም ነበር።

ቤት ሲደርሱ የበኩር ልጃቸው ከሰዓቱ ቀድሞ መጥቷል። ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ስቦ፣ በበሩ ይወጣ አይወጣ እንደሆነ እየለካ ነው። ከጀርባው የተጋለጠው ግድግዳ ቀለሙ አዲስ ነበር፤ የቀረው ቤት በጊዜ ብዛት የደበዘዘው ያኔ ነው የታየው። ምራታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጣጥፋለች፤ አንድ ቀሚስ አጣጥፋ፣ ዘርግታ፣ መልሳ ታጥፋለች። ፋርማሲስቷም ከሥራ ገብታለች፣ ማሙሽም አውቶቡሱን አስረክቦ ደረሰ። ሊቀመንበር ሻርፓቸውን ሳያወልቁ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጡ።

"የጠዋቱ ድምፅ አይጸናም" አሉ።

"እማዬ፣" አለ በኩሩ ሜትሩን እየጠቀለለ፣ "ቤተሰብ ነን እኮ፣ ስብሰባ አታድርጊው።"

"ስብሰባ ያደረግከው አንተ። ጥያቄውን ማን ጠየቀ?"

"እኔ።"

"እጁን ማን ቀድሞ አወጣ?"

"እኔ…"

"ማን ቆጠረ?"

ማሙሽ ሳቁ አመለጠው፤ በኩሩም ሊቆጣው ዞሮ ራሱ ፈገግ አለ። ነገር ግን ፈገግታው ቶሎ ጠፋ። "እሺ" አለ፣ "ታዲያ ምን አድርጌ ነው? አንቺ ስትወድቂ ሆስፒታል የተጠራሁት እኔ ነኝ። ፋሻውን ሲጠቀልሉልሽ እጅሽ የሕፃን እጅ አክሎ ነው ያየሁት። እኔ ካልጠየቅኩ ማን ሊጠይቅ ነው?" ድምፁ ውስጥ ሊቀመንበር ያልጠበቁት ነገር ነበረ። አዛዥ ነው ብለው ያሰቡት ልጅ ፈርቷል፤ ቀኑን ሙሉ ያልሄዱበት፣ ያልጠየቁት ልጅ እሱ ብቻ መሆኑም ትዝ አላቸው። ከዚያ ሊቀመንበር ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደገና ድምፅ እንደሚሰጥ፣ በዚህ ቤት ጉዳይ የሚነካው ሁሉ፣ እሳቸውም ምራታቸውም ጭምር እንደሚሰጡ፣ እጅ ማውጣት ግን እንደሌለ ተናገሩ።

ያጨቃጨቃቸው ጥያቄው እንዴት ይባል የሚለው ሆነ። በኩሩ መውደቁ ይግባበት አለ። ፋርማሲስቷ መነቀሉ ይግባበት አለች፣ ቃሉ ከእናቷ የተቀበለችው መሆኑን ረስታ። ማሙሽ ሁለቱም ይግቡ ሲል ሁለቱም ጮኹበት። ሊቀመንበርም የራሳቸውን አባባል በልባቸው ይዘው ተራ ይጠብቁ ነበር፤ ሲያጣጥሙት ግን እሱም ያደላል። በመጨረሻ ምራታቸው ቀሚሱን አስቀምጣ ቆመች።

"እኔ ልናገር?" አለች። እዚያ ቤት ውስጥ ፈቃድ ጠይቃ ስትናገር ብዙ ጊዜዋ ነው፤ ሁሉም ቆም ብለው ሲያዳምጧት ግን ያን ቀን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። "እማዬ የት ይኑሩ፣ እዚህ ወይስ እኛ ቤት? ይኸው ነው። መውደቁንም መነቀሉንም እያንዳንዱ ሰው ውስጥ ገብቶ ለራሱ ያስበው።"

ባልየው ሚስቱን አዲስ ሰው እንደተዋወቀ ዓይነት አያት። የሚጨምርም የሚቀንስም አልተገኘም።

ሊቀመንበር ከምድጃው አጠገብ ክብሪት አምጥተው ለእያንዳንዱ አንዳንድ እንጨት አደሉ። ወጥ ቤት አንድ በአንድ ይገባል፤ እዚህ ይኑሩ የሚል እንጨቱን ሳይሰብር፣ እኛ ቤት የሚል ሰብሮ፣ ክዳን ያለው ድስት ውስጥ ይጨምራል። "ሲሰበር ይሰማል እኮ" አለ ማሙሽ። እውነቱን ነበር። ስለዚህ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ ቧንቧውን ይክፈት ተባለ። ተራ በተራ ገቡ። በኩሩ ሲገባ ውሃው ወረደ፣ ወረደ፣ እስከሚሰለች ወረደ። ምራታቸው ቶሎ ወጣች። ፋርማሲስቷ ስትወጣ እጇን ታጥባ ነበር፣ ልማዷ ነው። ማሙሽ ገብቶ ከመቆየቱ የተነሳ በኩሩ፣ "ወጥ እየሠራ ነው እንዴ?" አለ፤ ማንም አልሳቀም።

የሊቀመንበር ተራ መጨረሻ ነበር። ቧንቧውን ከፍተው በመስኮቱ ወደ ታች አዩ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጠይቁ ውለው ራሳቸውን አልጠየቁም ነበር። ደረጃው ላይ የወደቁ ጊዜ ሕመሙ አልነበረም ያስፈራቸው፤ የተበተነውን ዕቃቸውን እያዩ፣ የሚጠሩት ሰው ስም ቶሎ ወደ አፋቸው አልመጣ ማለቱ ነበር። ይህንን ለማንም አልተናገሩም። እንጨቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው አመነቱ። ቢሰብሩትስ ምን ይሆናል? ፀሐይ የሚገባበት ክፍል፣ የልጅ ልጅ ጫጫታ፣ የምራታቸው ቀልድ። ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ግን ቁልፋቸውን፣ የገዛ በራቸውን ከፍተው ሲገቡ ትከሻቸው ላይ የሚወርደውን ዕረፍት አሰቡ፤ እንጨቱን እንዳለ ጣሉት። ቧንቧውን ዘጉና ድስቱን አቅፈው ወጡ።

ጠረጴዛው ላይ ሲገለበጥ ሦስቱ ደህና ነበሩ። ሁለቱ ተሰብረዋል። አንዱ መሐሉ ላይ ቅንጥስ ብሎ ነው የተሰበረው፤ ሌላው አራት ቦታ ተሰባብሯል፣ የሰበረው ሰው ጣቶቹ የተጨነቁ ይመስል።

ሊቀመንበር ቤታቸው ተረፈ። ነገር ግን ጠዋት ከፋርማሲው ሲወጡ የጠበቁት ሌላ ነበር፤ ከበኩሩ በቀር ሁሉም ከእሳቸው ጋር ነው ብለው ነበር። የሰበረው ከእነዚህ ፊቶች መሐል ነው፤ አገላብጠው የሳሙት ፊት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ዳቦውን ያስቀመጠው፣ ወይም ቲማቲሙን የያዘችላቸው። ደረታቸው ላይ አንድ ነገር ወጋ አደረጋቸው። የተሰባበረውን እንጨት በጣታቸው ሰበሰቡ። ቀስ እያለ ግን ውጋቱ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ምን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደባቸው። እናት ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ሐሳቧን ቀኑን ሙሉ ስታዞር ውላ፣ በእሷ ቤት፣ በእሷ ድስት፣ አይ አይመስለኝም ያለ ሰው አለ። ሁለት ሰዎች። ጠዋት ልጆቹ እርስ በርስ እየተያዩ እጅ ካወጡበት ቤት ውስጥ ይህ መውጣቱ ገረማቸው፤ ገርሟቸውም አንገታቸው ቀና አለ።

"እማዬ፣ እኔ እኮ…" ብሎ ጀመረ ማሙሽ።

"ዝም!" አሉ ሊቀመንበር። "ምስጢር ነው።"

"እኔም ልንገርሽ፣ እኔ…" አለች ፋርማሲስቷ።

"አንቺም!" በኩሩ አፉን ሊከፍት ሲል ጣታቸውን ቀሰሩበት። "አንተማ በጭራሽ። ማን እንደሰበረ እስክሞት አልጠይቅም፤ የሚነግረኝን ሰው ደግሞ እቀየመዋለሁ። የምጠይቀው ሌላ ነው። የሰበሩት ሁለት ሰዎች ምን ፈርተው ይሆን?"

ከዚያ በኩሩ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ስለማያውቀው ሰው እንደሚያወራ ሆኖ፣ "የሰበረው ሰው ምናልባት ደረጃው መደገፊያ የለውም ብሎ ይሆናል" አለ። "አምፖሉም ከተቃጠለ ቆይቷል" አለ ማሙሽ፣ "የሰበረው ሰው እሱን አይቶ ይሆናል።" ፋርማሲስቷ የሰበረው ሰው ስልክ የማይነሳበትን ሰዓት ፈርቶ ሊሆን እንደሚችል ተናገረች። ምራታቸው ትንሽ አሰበች። "ብቻዎን ሲበሉ ታይቶትም ይሆናል" አለች። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አምስቱም ስለ ሁለቱ ተናገሩ፤ ሊቀመንበርም፣ ያልሰበሩት፣ "የሰበረው ሰው የሚጠራው ስም ቢጠፋብኝ ብሎ ይሆናል" ብለው የደበቁትን አወጡት። ፋርማሲስቷ እጇን ፋሻው ላይ አሳረፈች።

ቁምሳጥኑ ወደ ቦታው ተገፋ። በኩሩ ለተከራዩ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሲጠይቅም አላጉረመረመም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ፒክአፑ የብረት ቱቦ ጭኖ ተመለሰ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ደረጃው ላይ ተንበርክከው ግድግዳውን መብሳት ጀመሩ። ታላቁ ወዲህ ይል፣ ታናሹ አይ ወዲያ ይል ነበር። ጠዋት ቢሆን ማሙሽ ዝም ባለ ነበር፤ አሁን ግን ተከራክሮ ቱቦውን አንድ መዳፍ ያህል ዝቅ አስደረገው፤ እናቱ አጭር መሆናቸውን ያሰበው እሱ ነው። ፋርማሲስቷ አምፖል ቀየረች። ምራታቸው የተቀባው ክፍል ተቀብቶ ይቆይልዎታል፣ ሲያሻዎት ይመጣሉ፣ ማንም ሳይወስንብዎት አለቻቸው። ሊቀመንበርም በሳምንቱ መጨረሻ እመጣለሁ ሲሉ ቃል ገቡላት።

መብሻው ሲያጓራ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ሰዓት ሠሪ በሩን ከፍቶ ብቅ አለ። ቀኑን ሙሉ ጥቃቅን ነገር ሲያይ ስለሚውል ዓይኖቹ ቅርብ ያለውን እንጂ ሩቅ ያለውን አያዩም፤ ሬዲዮውም ከእግር ኳስ ጣቢያ ተነስቶ አያውቅም። ወደ ላይ አንጋጦ፣ "ሊቀመንበር፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት? በደህና ነው?" አለ።

ሊቀመንበር አዲሱን ብረት በደህናው እጃቸው ጨበጥ አድርገው ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመዋል። ልጆቹ ከሥራቸው ቀና ብለው አዩዋቸው።

"ሦስት ለሁለት!" አሉ፣ ድምፃቸው እስከ ምድር ቤት ወረደ።

"ኧ? ማን ከማን?"

ሊቀመንበር ቱቦውን እንደያዙ ጥቂት አሰቡ።

"ልጆቼ ከልጆቼ" አሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው።